አርባ ሦስት ደረጃ

ግንበኛ ነኝ። አሁን እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ልስን አልሠራም፤ ድንጋይና ብሎኬት ግን እስከ ዛሬ በእኔ እጅ ተጣሞ አያውቅም። የምጽፈው ስለ አንድ መንገድ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ያለውን ደረጃ በሙሉ የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ጥፋቱንም ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ።

መንገዱ ቁልቁለት ነው። ከላይ ከዳቦ ቤቱ ይጀምርና ወርዶ ወርዶ ትልቁ ቦይ ጠርዝ ላይ ያልቃል። በግራ በኩል የመጋዘን ግንብ አለ፤ በቀኝ በኩል ዘጠኝ ቤት። አንደኛው ዳቦ ቤቱ ነው። ዘጠነኛው፣ ማለትም የመጨረሻው፣ ልጄ የምትኖርበት ነው። ልብስ ሰፊ ናት። እኔም ከጓሮ ባለችው ክፍል እኖራለሁ።

ዝናብ ሲጥል ውሃው በመንገዱ ይወርዳል። መጀመሪያ ውሃ የገባበት አራተኛው ቤት ነበር። ጠሩኝ። በራፋቸው ላይ አንድ ደረጃ ሠራሁ፣ ደፋቸውንም ከፍ አደረግሁ። ውሃው ወደ አምስተኛው ቤት ዞረ። አምስተኛው ሁለት ደረጃ አሠራ። ደረጃው ወደ መንገዱ ስለወጣ ውሃው እዚያ ተገደበና ተመልሶ አራተኛው ቤት ገባ። አራተኛው እንደገና ጠራኝ። ስድስተኛው ይህን አይቶ ውሃ ሳይገባበት ሦስት አሠራ።

ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። «እነ እንትና አራት አደረጉ» ይባላል፤ በሳምንቱ አምስት የሚያሠራ ይመጣል። እኔም እሠራለሁ። ሥራዬ ነው። የሠራሁት ደረጃ አንዱም አልተሰነጠቀም።

ውሃው ግን የትም አልሄደም። ከእያንዳንዱ ደጅ እየተገፋ ወደ ታች ይወርዳል፤ ታች ያለችው ልጄ ናት። የእሷን ደፍ ሦስት ጊዜ ከፍ አድርጌዋለሁ። ከዚያ በላይ እንዳልጨምር የበሩ አናት ዝቅተኛ ነው።

ዝናቡ ሊገባ ሁለት ወር ሲቀረው አንድ ቀን ምሳ እየበላን ልጄ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አባባ፣ ዘንድሮ አንድ ጊዜ ውሃ ከገባ ልጆቼን ይዤ ወደ አባታቸው እሄዳለሁ» አለች።

ባሏ ለሥራ ሌላ ከተማ ነው። ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይቷል።

«ደፉን ትንሽ ልጨምርልሽ?» አልኳት።

«ጨምረህ ጨምረህ በመስኮት ልታስገባን ነው?» ብላ ሳቀች። ከዚያ ሳቁን ተወችው። «እኔ ላይ የሚገባው እኮ የዝናብ ውሃ አይደለም። አንተ ከላይ ያባረርከው ውሃ ነው።»

ሁለቱ ልጆቿ ቀና ብለው አዩኝና ወደ ሳህናቸው ተመለሱ። አንዷ ስድስት ዓመቷ ነው፣ አንዷ ስምንት። ከሄዱ እኔ ብቻዬን እቀራለሁ። ይህን አልተናገርኩም፤ እሷም ታውቀዋለች።

በማግስቱ ጠዋት ከላይ እስከ ታች ሄጄ ደረጃዎቹን ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ናቸው። አንድ ደረጃ ስንት ስሚንቶና ስንት ድንጋይ እንደሚበላ አውቃለሁ። ከዳቦ ቤቱ እስከ ትልቁ ቦይ ድረስ አንድ የውሃ መውረጃ ለመሥራት የዐሥራ ሁለት ደረጃ ስሚንቶና ድንጋይ ይበቃል። እንደገና አሰብኩት። ዐሥራ ሁለት ነው። በአርባ ሦስቱ ሦስት መውረጃ ሠርተን ይተርፈን ነበር።

ሰባተኛው ቤት ወደምትኖረው መምህርት ሄድኩ። ጡረታ ወጥታለች፤ በመንገዱ ላይ ነገር አጣርቶ የሚሰማ እሷ ናት። ነገርኳት። እስክጨርስ ሰማችኝ።

«ለማዘጋጃ ቤቱ ሦስት ጊዜ አመልክቻለሁ» አለች። «ሦስቴም ተመዝግቧል አሉኝ። መዝገቡ እስካሁን ሳይሞላ አይቀርም።»

«እኛው ብንሠራውስ?»

«ማን ይጀምራል?»

ጥያቄው እሱ ነበር። መውረጃው ካለቀ የሚጠቀመው ሁሉም ነው፤ የለፋውም ያልለፋውም። ስለዚህ ሌላው እስኪጀምር የማይጠብቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው።

መምህርቷ ሰዉን ጠራች። የመንገዱ ሰው የሚሰበሰበው አምስተኛው ቤት ደጅ ነው፤ ሰባት ደረጃ ስላለው መቀመጫ አይቸግርም። የቤቱ ባለቤት የጭነት መኪና ሾፌር ነው። ሰው ባለ ሰባቱ ይለዋል። ያን ቀን መንገድ ላይ ስለነበር እናቱ ከላይ በራፉ ላይ ተቀምጠው ያዩናል።

ዳቦ ጋጋሪው ቀድሞ ተናገረ። «እኔ ዘንድ ውሃ አይደርስም። ግን ዝናብ በጣለ ቁጥር ከታች ዳቦ ሊገዛ የሚወጣ የለም። የጋገርኩትን ራሴ እበላለሁ። ይኸው ሆዴን ታያላችሁ። እቆፍራለሁ።»

ሦስተኛው ቤት የሚኖረው ሰው ተራው ሲደርስ «እናያለን» አለ። ሁልጊዜም የሚለው ይህንኑ ነው። ስሙ ራሱ እናያለን ከሆነ ቆይቷል። ሲጠሩት አቤት ይላል።

ፀጉር አስተካካዩ ስድስተኛው ቤት ነው። እሱ ብድግ ብሎ፣ «ክርክር አያስፈልገውም» አለ። «እያንዳንዱ የየደጁን ይቆፍር። ማንም ለማንም አይለፋም፣ ማንም የማንንም አይበላም። አለቀ።»

ሰው ሁሉ ደስ አለው። ትክክለኛ ነገር ይመስላል። እኔ ግንበኛው ልክ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ሥራው ይጀመር ብዬ ዝም አልኩ። ጥፋቴ ነበር።

በሚቀጥለው የእረፍት ቀን ከዘጠኙ ቤት ሰባቱ ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ። ሾፌሩ አልነበረም። እናያለን በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ዳቦ ጋጋሪው ሰፊና ጥልቀት የሌለው፣ የሊጥ ገንዳ የመሰለ ነገር ቆፈረ። ፀጉር አስተካካዩ ቀጭንና ቀጥ ያለ መስመር አወጣ፤ በማበጠሪያ የተከፈለ ይመስላል። መምህርቷ ሜትር ይዛ ትለካ ነበር። ልጄ ከሁሉም በላይ ስለምትፈራ ከሁሉም በላይ ጥልቅ አድርጋ ቆፈረች። እስከ ወገቧ ገባች።

ወደ ማታ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ሁለት በርሜል ውሃ ከላይ ደፋ። ሰው ሁሉ በየደጁ ቆሞ ይጠብቃል። ውሃው የዳቦ ቤቱን ጉድጓድ ሞላና ቆመ። ሌላ ሁለት በርሜል ተጨመረ። ሁለተኛው ቤት ደረሰና ቆመ። ታች ድረስ ሄደን የየቤቱን ሞከርን። አንዱ ከፍ ብሏል፣ አንዱ ዝቅ ብሏል፣ አንዱ ወደ ግንቡ ዞሯል፣ አንዱ ወደ ግድግዳው።

ዳቦ ጋጋሪው መዳፉን እየጠረገ፣ «እንግዲህ ሰባት የከብት ማጠጫ ሠርተናል» አለ። «ከብቱን ማን ያምጣ?»

ፀጉር አስተካካዩ ተቆጣ። «የእኔ ልክ ነው! የአራተኛው ነው የጠለቀው።»

«ያንተ ነው እንጂ ከፍ ያለው!» አለ የአራተኛው ቤት ሰው።

«የእኔ? በሲባጎ ነው የለካሁት!»

«ከአፍንጫህ ጀምረህ ለክተህ ይሆናል።»

የሾፌሩ እናት ከላይ ሆነው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ልጄ አልሳቀችም። አካፋዋን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ገባሁ። የልጆቹን የክረምት ልብስ እያጣጠፈች ሻንጣ ውስጥ ታስገባ ነበር።

«ገና ዝናቡ አልመጣም» አልኳት።

«ሲመጣ ጊዜ አይኖረኝም» አለች።

ወጣሁ። ከክፍሌ ረጅሙን የውሃ ልክ ቱቦዬን አመጣሁ። ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ነው፤ ውሃ ይሞላል። አንዱን ጫፍ አንድ ሰው ይይዛል፣ ሌላውን ሌላ ሰው። ውሃው በሁለቱም ጫፍ እኩል ይቆማል። አይዋሽም፣ አያዳላም። ሰዉ ገና እየተጨቃጨቀ ስለነበር አንዱን ጫፍ ለፀጉር አስተካካዩ ሰጠሁት፤ እሱን ዝም ለማሰኘት ሌላ መንገድ አልነበረም።

ከትልቁ ቦይ ጀምረን ወደ ላይ እየለካን ሄድን። በመጋዘኑ ግንብ ላይ በከሰል መስመር አሰመርኩ። መስመሩ ከታች እስከ ላይ አንድ ነው፤ የማንንም ደጅ አይጠይቅም። ስጨርስ ዞር ብዬ ነገርኳቸው።

«ውሃ መውረጃ የየቤቱ አይደለም» አልኩ። «ከታች ነው የሚጀመረው። ሁላችንም አንድ ቦታ እንቆፍራለን። መጀመሪያ ዘጠነኛው ደጅ፣ ቀጥሎ ስምንተኛው። ዳቦ ቤቱ መጨረሻ ነው።»

«የእኔ ተራ እስኪደርስ ጉልበቴ ያልቃል» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ምላስህ ይቆፍርልሃል» አለው ዳቦ ጋጋሪው።

መምህርቷ ግን ዐይኗን ከእኔ አላነሳችም። «ዘጠነኛው የልጅዎ ቤት ነው» አለች። በክፋት አይደለም። መባል ስለነበረበት ነው።

«አዎ፣ የልጄ ነው። ውሃም የሚወጣው በዚያ ነው። ሁለቱም እውነት ነው።» ከዚያ ያላሰብኩትን ጨመርኩ። «አርባ ሦስት ደረጃ ሠርቼላችኋለሁ። ለዚህ መውረጃ የዐሥራ ሁለቱ ይበቃ ነበር።»

ዳቦ ጋጋሪው አካፋውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ለምን አልነገሩንም ጋሼ?» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«ስለምትከፍሉኝ።»

ማንም አልሰደበኝም። ዳቦ ጋጋሪው አካፋውን አንሥቶ ወደ ታች ወረደና ልጄ ደጅ መቆፈር ጀመረ። የእሱ ቤት ከዚያ ስምንት ቤት ይርቃል። ሌሎቹም ተከተሉት። ሦስት ቤቶች ዘንድሮ ደረጃ ሊጨምሩበት ስሚንቶ ገዝተው ነበር። ተሸክመው አመጡት።

በሥራው መካከል የእናያለን ነገር ተነሣ። አንድ ቀን እንኳ አልወጣም።

«የእሱን ደጅ ዘልለን እንለፍ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ውሃው ይግባበት! ያኔ ያያል።»

«ብንዘለው ውሃው እዚያ ተጠራቅሞ አራተኛው ቤት ይገባል» አልኩት። «እሱን ልንቀጣ ሌላ ሰው እናሰጥማለን።»

«ታዲያ እሱ በነጻ ይደርቃል?»

«በነጻ ይደርቃል።»

«ያናድዳል።»

«ያናድዳል» አልኩ። እውነት ነው፣ ያናድዳል። ግን ሌላ መንገድ የለውም። ደረጃ ብትሠራ ያልከፈለህን ትተወዋለህ። ውሃ መውረጃ ሰው አይመርጥም።

ስድስተኛው ቤት ደጅ ስንደርስ ሾፌሩ ከመንገድ ተመለሰ። የሌሎቹን ቤቶች ደረጃ የታችኛውን አንድ ቆርጠን መውረጃውን በሥሩ አሳልፈነዋል። የእሱ ግን አንድ ወጥ ድንጋይና ስሚንቶ ነው፤ መስመሩ ላይ ተቀምጧል። መላው መፍረስ አለበት። በግንቡ በኩል እንዳንዞር የመጋዘኑ መሠረት አጭር ነው፤ በሥሩ ከተቆፈረ ይወድቃል።

ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ መጣ፤ የከሰሉን መስመር አየ፣ ደረጃውን አየ።

«አይሆንም» አለ።

«ልጄ...» አልኩት።

«ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም እንዴ ግድግዳህ በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፣ ደረጃው ይደግፈዋል ያሉኝ?»

«ነኝ።»

«ታዲያ ደረጃውን አፍርሳችሁ፣ ሥሩን ቆፍራችሁ፣ ሳትጨርሱ ዝናብ ቢመጣ? ውሃው ግድግዳዬ ሥር ሲተኛ ማን ይይዝልኛል? እናንተ በየቤታችሁ ትገባላችሁ፤ የሚወድቀው የእኔ ቤት ነው።»

ልክ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት እሱ መንገድ ላይ ሳለ ውሃ ገብቶ እናቱ የተኙበት ፍራሽ ላይ ደርሶ ነበር። ጎረቤት ተሸክሞ አወጣቸው። አንድ ወር ደረታቸውን አሟቸው። ያን ጊዜ ነው ተመልሶ «ሰባት ያድርጉልኝ» ያለኝ። ስንት ያስፈልጋል ብሎ አልጠየቀኝም፤ እኔም ብዙ ነው አላልኩትም።

ግድግዳውን እያየሁ ሳለ ከላይ ድምፅ መጣ።

«አንተ ግንበኛ!»

እናትየው ናቸው። ከእኔ በዕድሜ ይበልጣሉ፤ እንደ ልጅ ነው የሚጠሩኝ።

«አቤት እማማ።»

«ደረጃውን ብታፈርሰው በስንት ትመልሰዋለህ?»

«ውሃው በሥሩ ካለፈ ሁለት ይበቃል። ደፉንም ዝቅ አደርገዋለሁ።»

«እማዬ፣ ቆይ፣ እኔ ልነጋገር...» አለ ሾፌሩ።

«ሁለት ዓመት ተነጋገርህ። ልጄ፣ ከዚህ በራፍ ከወረድኩ ስንት ጊዜዬ ነው?»

«ጉልበትሽ እኮ...»

«ጉልበቴ ሁለት ደረጃ ይወርዳል። ሰባት አይወርድም። ሰባት አሠራህልኝ፤ ውሃው አልገባም፣ እኔም አልወጣሁም።»

ሾፌሩ ኮፍያውን አወለቀ። ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በዚያች ሰዓት ግን ደረጃው ሥር ቆሞ ትንሽ መሰለ።

«ውሃ ቢገባስ?» አላቸው ቀስ ብሎ።

«ያኔ ማን አወጣኝ? አንተ?»

«ጎረቤት ነው።»

«እንግዲህ ጎረቤቶቹ እነዚሁ ናቸው። ፊታቸው ደስ አይልም፤ ግን አወጡኝ።»

ሰው ሳቀ። ሾፌሩ አልሳቀም። ወደ እኔ ዞረ። «ለሦስት ቀን እቤት ነኝ። በአራተኛው ቀን ጭነት አለብኝ። እስከዚያ ካልጨረሳችሁ...» አለና ተወው። ከዚያ ራሱ መዶሻውን ከእጄ ወሰደ። የመጀመሪያውን ምት እሱ ነው የመታው።

ደረጃው በቀላሉ አልፈረሰም። በደንብ ነው የሠራሁት። አንድ ሙሉ ቀን ወሰደ። ስንጨርስ የግድግዳው ሥር ተራቁቶ ታየ። ጭቃው ደርቆ እንደ ዱቄት ይረግፋል። እንዲህ ሆኖ ሳየው ሌሊቱን አልተኛሁም።

በሁለተኛው ቀን ሰማዩ ጠቆረ። ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል ያልነው ዝናብ ነበር። ሁሉም ቀና ብሎ አየ። ዳቦ ጋጋሪው ምድጃውን ዘግቶ ባዶ የዱቄት ከረጢቶች ይዞ መጣ። አሸዋ ሞልተን በግድግዳው ሥር ደረደርናቸው። መምህርቷ ድንጋይ አቀባይ ሆነች። ፀጉር አስተካካዩ ስሚንቶ ያቦካል፤ ሥራው ሲጠነክርበት ዝም እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። የፈረሰው ደረጃ ድንጋይ አንዱም አልባከነም። በመውረጃው ጎንና ጎን ገባ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በፊት ሁለቱን ደረጃ መልሰን፣ ከሥራቸውም ለውሃው መሹለኪያ ትተን ልስኑን ጨረስን። ስሚንቶ ግን ካልደረቀ ስሚንቶ አይደለም። ሰማዩ ወርዷል። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ሲጥሉ ልጄ ከታች እየሮጠች መጣች። ላስቲክ ተሸክማለች። አሮጌ ላስቲኮችን በስፌት መኪናዋ ሰፍታ እንደ አልጋ ልብስ አንድ ትልቅ ነገር አድርጋቸዋለች። ከግድግዳው እስከ መውረጃው ድረስ ሸፈነ። አራት ሰዎች ጠርዙን ይዘን ቆምን። አንዱ ጠርዝ ሾፌሩ እጅ ላይ ነበር፣ ሌላው ልጄ እጅ ላይ።

«አንቺ ደግሞ ሻንጣ ሸክፈሻል አሉ» አላት።

«ማን ነገረህ?»

«በዚህ መንገድ ላይ ማን ሳይነግር ይቀራል?»

ግማሽ ሰዓት ዘነበ። ቀላል ዝናብ ነበር። ስንገልጠው ስሚንቶው እንዳለ ነው፤ ግድግዳው ሥር አንድ ጠብታ የለም። ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ በእጁ ዳሰሰው። በማግስቱ ጭነቱን ይዞ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ፈጠነ። ሰው አንዴ እንደሚሆን ካየ ሌላ ነው። አራተኛውን አለፍን። ሦስተኛው ቤት ደጅ ስንቆፍር እናያለን መስኮቱን ከፍቶ ብቅ አለ።

«ትንሽ አልጠለቀም?» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ዶማውን አቁሞ ቀና አለ። ስድብ ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«እናያለን» አለው። መልሶ መቆፈር ጀመረ።

ዳቦ ቤቱ ደጅ በደረስን በአምስተኛው ቀን ትልቁ ዝናብ መጣ። ከሰዓት በኋላ ነበር። መጀመሪያ ነፋስ መጣ፣ ከዚያ ከመጋዘኑ ጣሪያ ላይ ድንጋይ እንደሚደፋ ያለ ድምፅ። ሰው ሁሉ በየበራፉ ቆመ። እኔ ዣንጥላ ይዤ መንገዱ መካከል ነበርኩ።

ውሃው ከላይ መጣ። ቡናማ ነው፣ አረፋ አለው፣ ቅጠልና ወረቀት ይዟል። ዳቦ ቤቱ ጋ ወደ መውረጃው ገባ። ሁለተኛውን አለፈ። የእናያለንን ደጅ አለፈ፤ ለእሱም እንደ ሰው ሁሉ አለፈለት። አምስተኛው ቤት ጋ፣ ባለ ሁለቱ ደረጃ ሥር ባለው መሹለኪያ ሲደርስ ቆመ። ሞላ። ጠርዙ ላይ ደረሰ።

ያን መሹለኪያ በጥድፊያ ነው የሠራሁት። አጥብቤው ይሆን?

ወደዚያ ስሮጥ አንሸራተተኝና ግንቡን ያዝኩ። ቀና ስል የሾፌሩ እናት የታችኛው ደረጃ ላይ ቆመው አየሁ። በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘዋል፤ በሌላው ምርኩዛቸውን መሹለኪያው ውስጥ ከትተው ይነቀንቃሉ።

«እማማ ይግቡ! ይወድቃሉ!»

«ዝም በል፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

አንድ ቅርንጫፍ ወጣ፤ ከኋላው የተጠቀለለ ላስቲክ። ውሃው አንዴ ተንደቀደቀና ወረደ። ከግማሽ በታች ሆነ። መሹለኪያው አልጠበበም ነበር።

«አለፈ!» ብለው ጮኹ። እስከ ዳቦ ቤቱ ተሰማ። ከላይ ዳቦ ጋጋሪው አጨበጨበ። እናያለን በመስኮቱ ብቅ ብሎ፣ «እኔ ድሮም ይሠራል ብያለሁ» አለ። ሰው ሁሉ በየደጁ ሳቀ። ፀጉር አስተካካዩ እስኪያስለው ድረስ ነበር የሳቀው።

እኔ ወደ ታች ወረድኩ። ስድስተኛውን፣ ሰባተኛውን፣ ስምንተኛውን እያየሁ። ዘጠነኛው ቤት ደጅ ላይ ልጄ ከሁለቱ ልጆቿ ጋር ቆማለች። ውሃው ከእግራቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ይሮጣል። ከዚያ ወደ ትልቁ ቦይ ይወድቃል። ትንሿ ልጅ ወረቀት ቀድዳ ትጥልበታለች፣ ተከትላ ታያለች፣ ሌላ ትቀድዳለች። ወለሉን አየሁ። ደረቅ ነው።

ከላይ እስከ ታች ረጥቤ ነበር።

«አባባ» አለች ልጄ።

«እህ።»

«ነገ ጠዋት ልጆቹን ላስመዘግብ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ምዝገባው ሊዘጋ ሁለት ቀን ነው የቀረው። አንተ ዳቦ ቤቱ ጋ የቀረውን ሥራ ከመጨረስህ በፊት እነሱን ትጠብቅልኛለህ? ሰልፉ ረጅም ነው ይላሉ።»

«የትኛው ትምህርት ቤት?»

«ይሄ የእኛው ነዋ። ሌላ የት አለ?»

ዣንጥላውን አጠፍኩት። ለምን እንዳጠፍኩት አላውቅም፤ ዝናቡ ገና አላባራም ነበር።

«አባታቸውስ?» አልኳት።

«እሱ ይምጣ። እዚህም ሥራ አለ። እስኪያገኝ ድረስ ይህን ቦይ እየጠረገ ይቆያል።» ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ግባ አሁን፣ ጉንፋን ይይዝሃል።»

«ትንሽ ልይ» አልኳት።

የትንሿ ወረቀት ሲያልቅ ትልቋ ልጅ ቅጠል ሰጠችኝ። ጣልኩት። ከልጆቹ ጋር ሦስታችን ቆመን እስከ መጨረሻው ድረስ አየነው።